የ2011 ፋሲካና የተሰነጠቀው ሶሌታ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። ይህን የምጽፈው በቀዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱን የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ሞልቶት፣ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ቄጤማ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነው። 55ቱን ቀን ጾማችሁ ዛሬ ሌሊት ለምትፈስኩ ወዳጆቼ እንኳን ደስ አላችሁ፤ በዓሉ የእናንተ ያልሆነ የአዳማ ጎረቤቶቼም ነገ ቡና ላይ እንደማትቀሩ ስለማውቅ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በበዓል ቀን ዘመድ ሲገናኝ «ሥራ እንዴት ነው?» ይባላል፤ መልሱም «ተመስገን» ነው። ከዚያ አልፎ የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። ስለ ውድቀት ስናወራ እንኳ የምንመርጠው መጨረሻው ያማረውን ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካጠለቀች በኋላ በ1996 አትላንታ ላይ 4ኛ መውጣቷን፣ በ2000 ደግሞ ሲድኒ ላይ እንደገና ማሸነፏን በየሥልጠናው አዳራሽ እንሰማለን። እኔም ታሪኩን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን አትላንታን የምናነሣው ሲድኒ ስላለ ብቻ ይመስለኛል። የብዙዎቻችን ውድቀት ሲድኒ የለውም። ዛሬ የማጫውታችሁ የእኔው ውድቀትም የለውም።

በ2011 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ የሆነ ሕንፃ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። የሁለተኛውን ፎቅ ሶሌታ፣ ማለትም የወለሉን ኮንክሪት፣ የሞላነው በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ሚያዝያ 16 ቀን ነው። መቆየት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሙሌቱ ከበዓሉ በፊት ካለቀ ክፍያው ቶሎ ይጠየቃል፣ ሠራተኛውም ልቡ ሳይንጠለጠል ወደ አገሩ ይሄዳል ተባለ። «ተባለ» ስል ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሚክሰሩ ተነሣ፤ የመጨረሻው ኮንክሪት ሲገለበጥ ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋሱ በረታ። ከዚያ ሶሌታ ላይ ሆኖ ወደ ኮረብታው ለተመለከተ ሰው የነፋስ ኃይል ማመንጫው ክንፎች ሲሽከረከሩ ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይኖች አሉት፣ በጠቅላላው 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ናቸው። ያን ሁሉ ገንዘብ እዚያ ኮረብታ ላይ ያፈሰሱት ሰዎች ስለ አዳማ ነፋስ የሚያውቁት ነገር ነበር። እኔ ግን ክንፎቹን እያየሁ ስለ ሶሌታዬ አላሰብኩም፤ ያሰብኩት የአሰላ መኪና እንዳያመልጠኝ ነበር። ለዘበኛው የውሃ ጎማውንና ሁለት በርሜል ውሃ አስረክቤ፣ «ጠዋትና ማታ ያጠጡልኝ» ብዬ በ10 ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ።

ማክሰኞ ስመለስ የሶሌታው ፊት ውሃው እንደሸሸ የኩሬ ወለል ተሰነጣጥቆ፣ በርሜሎቹ ባዶ ሆነው አገኘሁ። ዘበኛው ውሃው ቅዳሜ እንዳለቀና የሚያመጣላቸው ሰው እንዳጡ ነገሩኝ። ይህ በቂዬ ነበር። በዚያው ቀን በጻፍኩት ሪፖርት ላይ ምክንያቱን «በበዓሉ ቀናት ተገቢው ውሃ ባለመጠጣቱ» ብዬ አሰፈርኩ፤ ሳምንት ሳይሞላም እኒያ ሰው ከሥራ ተሰናበቱ። ዓርብ ዕለት ስግደት ላይ ሆኜ የጴጥሮስን ሦስት ጊዜ መካድ ሲነበብ ሰምቼ ነበር፤ ሪፖርቱን ስፈርም ግን ትዝ አላለኝም።

ከዚያ አማካሪው መሐንዲስ መጡ። በሥራው ያረጁ፣ ከመናገራቸው በፊት ረጅም ጊዜ የሚያዩ ሰው ናቸው። በርከክ ብለው ስንጥቁን በጣታቸው ከተከተሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ ከውሃ ጥም የመጣ አይደለም፤ አብሮት የተወለደ ነው። ረቡዕ በ10 ሰዓት የት ነበርክ?» አሉኝ።

በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ውህደት ነው። ገና እንደተሞላ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፀሐይና ነፋስ ከሚወጣው ፈጥነው ከወሰዱት ፊቱ ጉልበት ሳያገኝ ይኮማተርና በሰዓታት ውስጥ ይሰነጠቃል። ከአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰዓት 1 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ መትነን ከጀመረ አደጋው ደርሷል ማለት እንደሆነ መመሪያዎቹ ያስጠነቅቃሉ። የሐሙስና የዓርብ ውሃ ረቡዕ የተከፈተውን ስንጥቅ አይዘጋም። ቅዳሜ ውሃ መቋረጡ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም፤ በተለይ ፖዞላና (እንደ እሳተ ገሞራ አመድ ያለ ማዕድን) የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ስለሚያገኝ ረዘም ያለ ውሃ ይፈልጋል። የተሰነጠቀው ግን እኔ ጥዬው በሄድኩበት ሰዓት ነው።

ፈተናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሙሌቱ ቀን ለጥንካሬ ፍተሻ የወሰድናቸው የኮንክሪት ናሙናዎች፣ ኪዩቦቹ፣ በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ሲጨፈለቁ በጥሩ ውጤት አለፉ፤ በገንዳ ውስጥ ውሃ ጠግበው ያደጉ ናቸውና ቢያልፉ አይገርምም። ወረቀቱ በእጄ ነበር፤ በቦያካ (በቀጭን የሲሚንቶ ብጥብጥ) ሸፍነን፣ ወረቀቱን አያይዘን እንለፈው የሚል ሐሳብም ከመካከላችን ተነሥቶ ነበር፣ ማን እንዳነሣው አሁን አልናገርም። አማካሪው ግን ሶሌታውን ራሱን እናስመርምር ብለው ኮር፣ ማለትም ከሶሌታው ተቦርቡሮ የሚወጣ ናሙና፣ አስወጡ። ጥንካሬው ለጥቂት አለፈ፣ ስንጥቆቹ ኤፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ተሞሉ፣ ወጪው ከሥራ ተቋራጩ ትርፍ ተቀነሰ፤ ለማፍጠን የተጓጓንለት ክፍያም ዘገየ። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል።

ሪፖርቱን ግን አላረምኩም። እውነተኛውን ምክንያት አማካሪውም አውቀው፣ እኔም አውቄው፣ የዘበኛው ስም ያለበት ወረቀት ከነስሕተቱ ፋይል ውስጥ ቀረ። ባለሙያ ሲሳሳት ማየት የተለመደ ነው፣ ይቅርም ይባላል፤ የእኔ ውድቀት የምለው ግን ስንጥቁን ሳይሆን ያን ዝምታ ነው። ካወቅሁ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ዝም ብያለሁ።

በኋላ ዘበኛውን በአጋጣሚ ሌላ ሳይት በር ላይ አገኘኋቸው። ሰላም ካልኳቸው በኋላ የሆነውን ሁሉ ነግሬ ይቅርታ ስለምናቸው ብዙም አልተገረሙም። «እኔ እኮ ረቡዕ ማታ ባትሪ ይዤ ስወጣ አይቼዋለሁ። የጠየቀኝ ግን የለም» አሉኝ። ቀጥለውም «ይቅር ለእግዜር» ብለው ሻይ ጋበዙኝ፤ ሒሳቡን እኔ እንድከፍል እንኳ አልፈቀዱም። ለቀድሞ አሠሪዬ የእርማት ደብዳቤ የጻፍኩት በማግሥቱ ነው። ያጡትን ደመወዝ አልመለሰላቸውም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ስንት ሰዓት ላይ?» ሆኗል። ሰዓቱን ስጠይቅ ፎርማኑም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ዘበኛውም ያዩትን ያወራሉ፤ ማንነቱን ስጠይቅ ግን ሁሉም ሌላ ቦታ የነበረ ይሆናል። አሠራራችንም ተለውጧል። በነፋሻ ወራት ሙሌት የምንጀምረው ፀሐይ ሲበርድ ነው፤ ኮንክሪቱ እየተስተካከለ ከኋላው ላስቲክ ይለብሳል፣ ሲይዝ ደግሞ እርጥብ ጆንያ። በሰሙነ ሕማማት አንሞላም፤ ወጣት መሐንዲሶቹ በዚህ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

የአሁኑን ሶሌታ የሞላነው ከ9 ቀን በፊት ስለሆነ ገና ውሃ ይፈልጋል። ሠራተኛው ለበዓል ወደየአገሩ ሄዷል፤ ለቀሩት ቀናት ተራ አውጥተን፣ ስማችንን በሳይቱ መዝገብ ላይ ጽፈን ተለያይተናል። የነገው የእሑድ ተራ የእኔ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ዶሮውን ቀምሼ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ጎማውን ይዤ እወጣለሁ። መልካም ፋሲካ።