ሾሌ፣ ኦንቴ፦ የሐዋሳ ማስታወሻ

ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለውን አልጽፍም። አውቶቡስ ነው፣ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ነው፣ ወገብ ነው። ከቃሊቲ ወዲያ ያለው ግን ይጻፋል።

ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ! ሁለት ሰው!» እያለ ሲጣራ ገባሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠን የሚጎድለው ያው ሁለት ሰው ነው። ባሕር ዳርም ረዳት ይዋሻል፤ የኛው ግን ሲዋሽ ትንሽ ያፍራል።

አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ሞጆን እስክናልፍ አንቀላፉ። ስልካቸው ሲጮህ ነቁና ማውራት ጀመሩ። ጆሮዬ ቆመ። አንዳንዱ ቃል አማርኛ አማርኛ ይለኛል፣ ያዝኩት ስል ያመልጠኛል። ስልጢኛ ነው ብዬ ገመትኩ።

«የየት አገር ቋንቋ ነው አባቴ?»

«ዛይ ነው። የደሴቶቹ» አሉና በእጃቸው ወደ ባቱ አቅጣጫ ጠቆሙኝ።

ስለ ዛይ ከዚህ በፊት አንብቤያለሁ፤ ሲነገር የሰማሁት ግን ያኔ ነው። ዛዮች በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች፣ በቱሉ ጉዶና በሌሎቹ፣ ለዘመናት የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ዙሪያቸው ኦሮምኛ ነው። እነሱ የሚናገሩት ግን ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹም ስልጢኛና ሐረሪ ናቸው። ሐረር የት፣ ዝዋይ የት! አማርኛም ትንሽ ራቅ ብሎ ከዚያው ቤተሰብ ነው። ጆሮዬ የተታለለው ለዚህ ነው።

«ልጆችዎ ይናገራሉ?»

«ይሰማሉ» አሉ። «የሚመልሱልኝ ግን በኦሮምኛ ነው። አንደኛው አዲስ አበባ ነው ያለው፣ እሱ በአማርኛ።» ሳይማረሩ ነው የነገሩኝ፤ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

ከኋላችን የተቀመጠ ጎረምሳ ጣልቃ ገባ። «ያው የአማርኛ ዘዬ ነው እኮ» አለ። በዚህ ነገር እበግናለሁ። «እንግዲያው አሁን በስልክ ያሉትን ተርጉምልኝ» አልኩት። ዝም አለ። ሰውዬው እስኪያስላቸው ሳቁ። ባቱ ሲወርዱ ከመስኮቱ ሥር ፓፓያ ገዝተው አቀበሉኝ። ልክፈል ብል «ተው እንጂ!» ብለው ሄዱ።

ሐዋሳ የገባነው መሽቶ ነው። ባለ ባጃጁ «200 ብር ጋሼ፣ ሩቅ ነው» አለኝ። ደክሞኛል፣ ተስማማሁ። ሁለቴ ታጠፍንና ደረስን። በእግሬ ብሄድ ሻንጣዬን እየጎተትኩ አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልጋው 900 ብር፣ አጎበሩ ቀዳዳ፣ ጎረቤቱ ጭፈራ ቤት። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከቢንቢ ጋር ስንታገል አመሸን። እንቅልፍ የወሰደኝ ሊነጋ ሲል ነው።

ጠዋት አሞራ ገደል ስደርስ ንዴቴ ወጣልኝ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፤ ልጆቹ መረብ እየፈቱ፣ ዓሣ እየበለቱ ነው። አባ ኮዳዎቹ ካፖርት እንደለበሰ ዘበኛ ትከሻቸውን ሰብቀው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። የዓሣ ሾርባ በብርጭቆ ሰጡኝ፤ ሚጥሚጣው እንባ ያስመጣል፣ ግሩም ነው። ጥሬውንም ቅመስ አሉኝ፣ አይሆንልኝም። የተጠበሰው ቆሮሶ ጥሩ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን የጣናው ይበልጣል።

አንድ ልጅ ለደንበኛው ዓሣ እየቆጠረ ሳህን ላይ ይጥላል። «ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ፣ ሾሌ፣ ኦንቴ።» ሲዳምኛ ነው። ቀስ ብለህ ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ። ቢላዋ የሚስለው ጓደኛው ሀድያ ኖሮ «የኛን ስማ» አለና ቀጠለ፦ «ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ፣ ሶሮ፣ ኦንቶ።» እኔ ለሁለቱም አጨበጨብኩ። ሦስተኛው የወላይታ ልጅ ነው። «ኢሲ፣ ናኡ፣ ሄዙ» ሲል ሁለቱ ሳቁበት፤ ከነሱ ጋር ምንም አይገጥምማ።

የቋንቋ ሊቃውንት ዝምድና ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚፈትሹት እንዲህ ያለውን ነው። የስልክና የማኪና ስም ከየትም ይመጣል። ከአንድ እስከ አምስት ያለው ቁጥር፣ የሰውነት ክፍል፣ ውሃና እሳት ግን ብዙ ጊዜ ከቤት አይወጡም። ሲዳምኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ጌዴኦኛና ቡርጂኛ ኩሻዊ ናቸው፤ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት። ኦሮምኛም ኩሻዊ ነው፤ «ለማ፣ ሰዲ» ሲል ከላሜና ከሳሴ ጋር ዝምድናው ይሰማል፣ ቅርንጫፉ ግን ሌላ ነው። ወላይትኛ ደግሞ ኦሞአዊ ከሚባለው ከሌላ ቤተሰብ ነው። ሦስቱ ልጆች አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ይበልታሉ፤ በመሃላቸው የብዙ ሺህ ዓመት ርቀት አለ። ልጆቹን ግን ይኼ አላስጨነቃቸውም። ሒሳብ ሲመጣ በአማርኛ ነው የሚጨቃጨቁት።

ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ የራሴን ሐይቅ አሰብኩ። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ገደማ በአካባቢው ሲያልፍ ከሌሎቹ ጨርሶ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። ጀርመናዊው የቋንቋ ምሁር ሚትቮክ በ1907 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ ግን የሚናገሩት አማርኛ መሆኑን ገለጸ። ዛሬ ያ ቋንቋ የየትኛው ቤተሰብ እንደነበር በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ጋፋትም አለ። ጎጃም ውስጥ፣ በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረ የአማርኛ ዘመድ ነው። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ተናጋሪ ሲፈልግ በስንት መከራ ያገኘው አራት ሰው ነው።

እነዚህን ያጠፋው ማነው ቢባል፣ በባሕር ዳር በኩል መልሱ አማርኛ ነው። የኔ ቋንቋ። ይኼን ስናገር ቅር የሚላቸው ጓደኞች አሉኝ። አማርኛ ራሱ ግን እንደነበረ አልቆየም። ግሡን እየጎተተ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው ከኩሻውያን ጎረቤቶቹ የተማረው ነው ይባላል፤ የግዕዝ ግሥ እንዲህ አይታሰርም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በጥንቱ ግዕዝ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። አማርኛ ድምፁን አንድ አድርጎ ፊደሉን ሦስት አስቀረ፤ አስተማሪ የሚገርፈን ለዚያ ነበር። ግዕዝም የአማርኛ እናት ነው ተብለን ብናድግም፣ የዘር ሐረጉን የሚሠሩት ሰዎች አክስት ነው የሚያደርጉት።

ከሰዓት በኋላ ጉዱማሌ አካባቢ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ቤቱን የያዙት እናት በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፤ ምራታቸው ትቀዳለች፣ የልጅ ልጃቸው ስኒ ያመላልሳል። አሮጊቷ በሲዳምኛ ያዙታል። እሱ «እሺ»፣ «የቱ ጋ?»፣ «አልፈልግም» ይላል፣ በአማርኛ። የባቱው ሰውዬ ትዝ አሉኝ።

ስለ ባሊሻ የነገረችኝ ምራትየዋ ናት። በሲዳማ ወግ ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ በስሙ የመጀመሪያ ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም አፏ አይገባም። «የእማማ አማት ስማቸው በ'ቡ' ነበር የሚጀምረው» አለችኝ። «ቡና ሻጭ ሆነው ቡና አይሉም!» እናትየው ሳቅ ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ። ለቡናውም ለሌላውም ምትክ ቃል አላቸው። ሴቶች ከሴቶች የሚማሩት፣ ወንዶች የማይጠቀሙበት ቃል ነው።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። አባባ ብያቸው እገላገላለሁ።»

ሲዳምኛ የሚሰጋለት ቋንቋ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝቡ ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የራሱ ክልል አለው፤ ሬዲዮ አለው፣ ታፔላው ሁሉ በሱ ተጽፏል። የሴቶቹን ቃላት ግን ታፔላ ላይ አላየኋቸውም። እማማ ሲያልፉ ከዚያ ቤት አብረው ይወጣሉ፣ ቋንቋውም ምንም እንዳልጎደለበት ይቀጥላል። እኔን የገረመኝ ይኼ ነው። ቋንቋ ሲጠፋ የመጨረሻው ተናጋሪ ነው የሚታወሰን፤ ትልቁም ቋንቋ ግን በየቤቱ እንዲህ በየጥቂቱ ይራገፋል።

ሌላም ነገር አለ። እማማ ማንበብ የተማሩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያኔ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፣ ሲዳምኛም አንዱ ነው፣ በግዕዝ ፊደል። ልጁ ዛሬ የሚማረው በላቲን ነው። ደብተሩን አምጥቶ አሳየኝ። አያቱ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መለሱለት፤ የገዛ ቋንቋቸው ነው፣ ማንበብ ግን አይችሉም።

«እስኪ እስከ አሥር ቁጠርልኝ» አልኩት ልጁን።

ደረቱን ነፍቶ «ሚቴ፣ ላሜ...» ብሎ ጀመረ፤ አንድም ሳይሳሳት «ቶኔ» ላይ ደረሰ። ያስተማረችው መምህሩ መሆኗን ነገረኝ። አያቱ ፈገግ ብለው በሲዳምኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩት። ልጁ ወደ እናቱ ዞረ።

«ምን አሉኝ?»

«ከቶኔ በኋላስ? ነው የሚሉህ።»

አሰበ። ጣሪያውን አየ። «አሥራ አንድ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እማማም ጭምር። ለሁለት ስኒ 60 ብር ከፈልኩ።