አንድ አንቀጽ፣ ሦስት መንግሥት፦ በሰሜን ሸዋ የወንጀል መዝገቦች ላይ እንዴት እንደሠራሁ

የንጉሡን፣ የደርግንና የኢሕአዴግን ዘመን የወንጀል ፍርድ ላወዳድር ብዬ ፕሮፖዛል ስጽፍ ሦስት መንግሥት ማለት ሦስት ሕግ ማለት መስሎኝ ነበር። አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ሥራ ላይ ውሎ፣ ንጉሡም ደርግም ካለፉ በኋላ እስከ ግንቦት 1 ቀን 1997 ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግም ሦስቱን መንግሥታት ተሻግሯል። በ1960፣ በ1972 ወይም በ1990 ደብረ ብርሃን ላይ በቁጥር 523 በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ሰው የሚጠብቀው ያው አንቀጽ ነው፤ ቅጣቱም ያው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ወይም ዕድሜ ልክ። አንቀጹ ሳይለወጥ ፍርዱ ከተለወጠ ምክንያቱን ከሕጉ ቃል ውጭ መፈለግ ግድ ይሆናል። ጥናቱን በዚህ ላይ አቆምኩት፤ ከ1997 በኋላ ያለውንም ቆርጬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጧል፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ስለመጣ የዓመት ቁጥር ብቻ ከድሮው ጋር አይነጻጸርም።

የወንጀሉን ዓይነት ሳልመርጥ መዝገብ ቤት አልገባሁም። ስርቆትን ሞክሬ ጣልኩት። በ1968 በአዋጅ ቁጥር 71 የገበሬ ማኅበር የፍርድ ሸንጎዎች ጥቃቅን ወንጀል እንዲያዩ ሲደረግ፣ ስድብ፣ እጅ እልፊትና ትንንሽ ስርቆት ከመደበኛው ፍርድ ቤት እየሸሹ ሄዱ። ባሕር መዝገቡን፣ ማለትም ጉዳዮች በተራ ቁጥር የሚመዘገቡበትን ትልቅ ደብተር ብቻ የቆጠረ ሰው «ደርግ ሲመጣ ሌባ ጠፋ» ብሎ ይጽፋል። ነፍስ ግድያ ግን በሦስቱም ዘመን ፍርድ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ከባዱን፣ ተራውንና ቀላሉን ግድያ፣ ማለትም 522ን፣ 523ንና 524ን ያዝኩ፤ ለማመሳከሪያ ከባድ የአካል ጉዳትን፣ ማለትም 538ን ጨመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአሮጌው ሕግ 539 ቀላል የአካል ጉዳት ነው፤ በአዲሱ ሕግ 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው። የቁጥሩን ዓምድ ያለ ሕጉ ስም የሞላ ሰው የጥፊና የዱላ መዝገብ ሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ውስጥ ይከተዋል። በ1997 መጨረሻና በ1998 ሁለቱም ሕጎች ባንድ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ፤ ወንጀሉ የተፈጸመው ከግንቦት 1 በፊት ከሆነ ክሱ በአሮጌው ይቀርባልና። «የሕጉ ዓመት» የሚል ዓምድ ከአንቀጹ በፊት አስቀምጡ።

ወሰኑም እንዲሁ ያሳስታል። ዛሬ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው በኦሮሚያ ዋና ከተማው ፍቼ። በንጉሡ ጊዜ ደግሞ ስሙ ጭራሽ የለም፤ ያለው ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከሥሩም ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐቤቴ የሚባሉ አውራጃዎች ናቸው። እኔ ተጉለትና ቡልጋን ይዤ ወረዳዎቹን በስም ዘርዝሬ ወሰንኩ። «ዞኑ» እያሉ ወደ ኋላ መቁጠር የማይመሳሰል ነገር ማወዳደር ነው።

ለፈቃድ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። ደብዳቤው ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ይጻፋል፤ እሳቸው ወደ ሬጅስትራር ይመሩታል፤ ሬጅስትራሩ ወደ መዝገብ ቤት። «ለጥናት ትብብር እንዲደረግላቸው» ብቻ የሚል ከሆነ መዝገብ ቤት ሲደርስ ይቆማል፤ ሠራተኛው በራሱ ኃላፊነት መወሰን አይፈልግም፣ እውነት አለው። ደብዳቤው ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ የወንጀል መዝገብ ብቻ መሆኑን፣ ውሳኔ ያገኙና የተዘጉ መሆናቸውን፣ ፎቶ ማንሣት እንደሚፈለግና የሰው ስም እንደማይወጣ መናገር አለበት። ከነሐሴ እስከ መስከረም ፍርድ ቤት እረፍት ላይ ነው። ጸጥታውን አይታችሁ ያን ጊዜ ልሂድ አትበሉ፤ የሚመራላችሁ ሰውም በእረፍት ላይ ነው።

ናሙናውን ከመደርደሪያው ሳይሆን ከባሕር መዝገቡ አወጣሁ። መደርደሪያው ላይ ያለው የተረፈው ብቻ ነው። ለምሳሌ በአንድ ዓመት 480 የወንጀል መዝገብ ተመዝግቦ 40 ከፈለግን 480ን ለ40 አካፍሎ በየ12ኛው መሄድ ነው፤ መነሻው ከ1 እስከ 12 ባለው በዕጣ ይወጣል። የተመረጠው ዶሴ ካልተገኘ የጎረቤቱን መሳብ ክልክል ነው። «አልተገኘም» ብሎ መጻፍና ማለፍ። መጀመሪያ ላይ ይህን ባለማድረጌ የሁለት ሳምንት ሥራ ጥያለሁ። የጠፉት በአጋጣሚ የጠፉ አይደሉም፤ ይግባኝ ተብሎባቸው ወደ ላይ የሄዱት ናቸው ሳይመለሱ የሚቀሩት፣ ይግባኝ የሚባልባቸው ደግሞ ቅጣታቸው የከበደው ናቸው። የጠፋውን በተገኘው የተካ ሰው ሳያውቀው ፍርዱን ያቀለዋል። መቁጠሪያውም ይወሰን፦ አንድ መዝገብ ላይ ሦስት ግብረ አበሮች ካሉ ሦስት መስመር ነው፤ የመዝገቡ ቁጥር ግን በሦስቱም ላይ ይደገማል።

የቆዩት ዶሴዎች ቀናቸው በግዕዝ አኃዝ ነው። ፮ እና ፯ በእጅ ጽሕፈት፣ በተለይ በካርቦን ቅጂ ላይ፣ አይለዩም፤ ዓመቱን ከፊቱና ከኋላው ካለው መዝገብ ጋር ሳላመሳክር አልጻፍኩም። ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መመለስም አያስፈልግም፤ የምንፈልገው ጉዳዩ ስንት ቀን እንደፈጀ ነው። ወሩ ላይ 1 ቀንሶ በ30 ማባዛት፣ ቀኑን መደመር። ጥቅምት 12 ቀን የተያዘ ሰው 42 ነው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 3 ቀን ከተፈረደበት 303 ነው፤ ልዩነቱ 261 ቀን። ዓመት ከዞረ 365 ይደመራል፤ የሚያልቀው ዓመት ለ4 ተካፍሎ 3 የሚተርፈው ከሆነ ጳጉሜን 6 ስለሆነች 366። ኤክሴል ላይ ቀኑን ባንድ ሳጥን ውስጥ እንዳትጽፉ። 30/2/1965 ብትሉት ጥቅምት 30 መሆኑን አያውቅም፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፣ 12/2ን ግን የራሱ ቀን ያደርገዋል። ግማሹ ቀን ግማሹ ጽሑፍ የሆነ ዓምድ ሲደረደር ይዘበራረቃል፣ ስሕተቱም አይታይም። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ዓምድ።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። «ዐቃቤ ሕግ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «አቃቤ ህግ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። አንዱን አጻጻፍ ለፍለጋ ወስኜ፣ የመዝገቡን አጻጻፍ በሌላ ዓምድ እንዳለ ያዝኩት።

አሁን ዋናው። «በነፃ ተለቀቀ» የሚል አንድ ዓምድ ምንም አይነግርም። ዐቃቤ ሕግ ባለማስረዳቱ ተከሳሹ ሳይከላከል በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 141 የተሰናበተ፣ ተከላክሎ በ149 ነፃ የወጣ፣ ክሱ በ122 የተነሣለት፣ ምስክር ስላልቀረበ መዝገቡ የተዘጋበት፣ እነዚህ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሁሉ የሚያሳስተው የመጀመሪያው ነው። በሽማግሌ ደም ከታረቀ በኋላ ምስክር ችሎት ቀርቦ «እኔ በቦታው አልነበርኩም» ይላል። አንድ መዝገብ ላይ ያየሁት ምስክር ለፖሊስ በሰጠው ቃል ዱላው በየትኛው እጅ እንደነበረ ሳይቀር ተናግሯል፤ ከስምንት ወር በኋላ ችሎት ላይ የሟችን ስም ብቻ ነው የሚያውቀው። ከውጭ የመጣ አንባቢ ይህን የዳኛው ርኅራኄ ወይም የዐቃቤ ሕግ ድክመት ያደርገዋል። «ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ቀይሯል ወይ?» የሚል ዓምድ ስጨምር ብዙው ሥዕል ተለወጠ። መንግሥት ሲለዋወጥ ዕርቁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፍርድ ቤቱ ዕርቁን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ፖለቲካውስ የት አለ? የዞን ወይም የአውራጃ ዶሴ ውስጥ የፖለቲካ ክስ ፍለጋ የሚገባ ባዶ እጁን ይወጣል። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 8/1967 ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አውጥቶ ጉዳዩን ለልዩ የጦር ፍርድ ቤት ሰጠው፤ በ1974 ደግሞ በአዋጅ 214 ሕጉን አሻሽሎ በ215 ልዩ ፍርድ ቤት አቆመ። በኢሕአዴግ ጊዜም የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ በአዋጅ 22/1984 ለተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። ስለዚህ መደበኛው መዝገብ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970፣ ምንም ያልተፈጠረ ይመስል ዝም ማለቱ ማስረጃ ነው፣ የሰላም ማስረጃ ግን አይደለም። ዝምታውን ለመለካት የወኅኒ ቤቱን የእስረኞች ባሕር መዝገብ ከፍርድ ቤቱ ጋር አስተያየሁ፤ የገባበት ቀን፣ ያዘዘው አካል፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ሰው ታስሯል፣ ዶሴ ግን የለውም። የሥርዓት ልዩነትን ከቅጣት ዓመታት ይልቅ እነዚህ ባዶ ሳጥኖች ያሳያሉ ባይ ነኝ።

ባዶውን ለመሙላት ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ገበሬ በሥራ ቀን አይገኝም፤ በወር በዓላት፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ ከቅዳሴ በኋላ ይገኛል። «በደርግ ጊዜ ፍትሕ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ያመጣል። «ጋሼ፣ በሬ ቢጠፋብዎ መጀመሪያ ማን ዘንድ ይሄዱ ነበር? ምን ይዘው?» ሲባል ግን ይከፈታል። ዓመቱን በቁጥር አልጠየቅኩም፤ መሬት ላራሹ ሳይታወጅ ነው ወይስ በኋላ፣ ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ። ስምምነቱም በቃል ይሁን። «እዚህ ላይ ይፈርሙ» የተባለ ሰው ክስ ወይም ዕዳ ነው የሚታየው፣ ያ ወረቀት ከወጣ ወሬው አለቀ። በሽማግሌ ፊት ታናሽ አይናገርምና በቡድን የተደረገ ቃለ መጠይቅ የአንድ ሰው ቃል ነው፤ እቴቴዎቹን ለብቻቸው፣ በሴት ጠያቂ።

«የፖለቲካ ግፊት ታይቷል» የሚለውን ዓምድ ሁለት ሆነን 50 መዝገብ ላይ ለየብቻ ሞላን፤ አልተስማማንም። እኔ አንቀጹን ሳይ ጓደኛዬ የከሳሹን ሥልጣን ያይ ነበር። ዓምዱን ሰረዝነውና በሦስት ተራ ጥያቄ ተካነው፦ ከሳሹ የመንግሥት ሹመኛ ነው? ከፍርድ ቤቱ ውጭ የተጻፈ ደብዳቤ ዶሴው ውስጥ አለ? ዋስትና የተከለከለው ምክንያት ሳይጻፍ ነው? ለእነዚህ አዎ ወይም የለም ማለት ይቻላል፤ ሁለተኛ ስንሞላው ልዩነታችን በጥቂት መዝገቦች ላይ ብቻ ቀረ።

ሥራው ሲያልቅ መዝገቡ በሲባጎ እንደነበረ ታስሮ በቁጥሩ ቦታ ይመለሳል። ለመዝገብ ቤቱ ያስረከብኩት ማውጫ ላይ የዓመቱ፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ የመደርደሪያውና ዶሴው «አለ» ወይም «አልተገኘም» የሚል ዓምድ ብቻ ነው ያለው፤ የሰው ስም የለበትም።