«ድልድዩን ተሻግሯል?»

ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው። ቤታችን ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። እናቴ ጣቢያው በር ላይ ሻይና አምባሻ ትሸጥ ነበር። የድሬዳዋው ባቡር ሲዘገይ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «ድልድዩን ተሻግሯል?» ተሻግሯል ከተባለ ጭንቀት የለም፣ አዋሽን ያለፈ ባቡር ደረሰ ማለት ነው። ያንን ድልድይ ግን በዚህ ዕድሜዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ በጠዋት ከመናኸሪያ በአባዱላ ተሳፈርኩ። ወለንጪቲን አለፍን። መተሐራ ስንደርስ ሙቀቱ መስኮት አስከፈተን። በአንድ በኩል ፈንታሌ ተራራ፣ በሌላ በኩል በሰቃ ሐይቅ። በሰቃ በየጊዜው እየሰፋ መንገዱንም ሃዲዱንም ሲፈታተን የኖረ ሐይቅ ነው። ሳየው ደስ ይለኛል፣ ያስፈራኛልም።

አዋሽ ሰባት ትንሽ ከተማ ናት። ሙቀቷ ግን ትንሽ አይደለም። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ድሮው ጣቢያ ነው። አጠገቡ ድሮ ባቡሩ ሲቆም መንገደኛ ይበላበትና ያድርበት የነበረው ሆቴል፣ ቡፌ ዳዋሽ አለ። እዚያ ጥላ ሥር አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አገኘሁ። ከአዳማ መምጣቴን ስነግራቸው ሳቁ። «እናንተማ የዚህ ድልድይ ልጆች ናችሁ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የሃዲዱን ፈቃድ አጤ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፣ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ለዓመታት ቆመ። ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝም በባቡሩ ተሻኮቱ። በ1900 አዲስ ስምምነት ተደርጎ ሥራው ሲቀጥል ሃዲዱ በረሃውን አቋርጦ የአዋሽ ገደል አፋፍ ላይ ደረሰ። ከዚህ ወዲያ ያለ ድልድይ ወደፊት የለም። ገደሉ የብረት ድልድይ ተዘርግቶበት ባቡሩ ተሻገረና በ1909 አዲስ አበባ ገባ። አዳማም በመንገዱ ላይ በተተከለው ጣቢያ ዙሪያ ከተማ ሆነች። ይህን በትምህርት ቤት ማንም አላስተማረኝም። መማር ነበረብኝ እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ ገደሉ ወረድን። «ፎቶ ማንሳት የለም» አሉኝ ገና ሳልጠይቅ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። መሬቱ ዝም ብሎ ሜዳ ይመስላል፣ ከዚያ ድንገት ከእግርህ ሥር ይሰነጠቃል። ታች አዋሽ ደፍርሶ ይወርዳል። ብረቱ ከዚህ አፋፍ እዚያ አፋፍ ተዘርግቷል። ብዙ ቆሜ አየሁት።

ጦርነትም አልማረውም። በመጋቢት 1933 ጣሊያን ከሐረር በኩል ሲሸሽ የአዋሽን መሻገሪያ አፈራርሶ ሄደ፣ የሚከተለውን ጦር ወንዙ ያስቆምልኛል ብሎ። አላስቆመለትም። የእንግሊዝ ጦር በቀናት ውስጥ ተሻግሮ መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። ድልድዩም እንደገና ተሠርቶ ባቡሩ ብዙ ዘመን ተመላለሰበት፤ ቡናውም፣ ጨርቁም፣ የድሬዳዋ ነጋዴዎች ሣጥንም።

ከዚያ አዛውንቱ ዝም አሉ። እጃቸውን ወደ ሃዲዱ ዘረጉ። ምን ሊሉኝ እንደሆነ ገባኝ።

ጥር 5 ቀን 1977፣ እሑድ። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ባቡር አዋሽ አካባቢ፣ ኩርባ ድልድይ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሃዲድ ወጣ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው የእናቴን በራድ ነው። ለመንገደኞቹ ያፈላችው ሻይ በበራዱ ውስጥ ቀዘቀዘ። ሰው ጣቢያው በር ላይ ተኮልኩሎ «ተሻግሯል? ተሻግሯል?» ይላል፣ የሚመልስ የለም። ጎረቤታችን ባሏን ስትጠብቅ ነበር። ማታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትመለስ አየኋት።

አሁን በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሃዲድ ያልፋል። የድሮው ሃዲድ ሣር በቅሎበታል። ብረቱን እንዲያነሱት አልፈልግም። እንዲቀባና እንዲጠበቅ፣ የ1977ቱ ሰዎችም መታሰቢያ እንዲቆምላቸው እፈልጋለሁ።

መኪና ስጠብቅ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ድልድዩ ጋ ነኝ።»

ትንሽ ቆየች። «ገደሉ ጥልቅ ነው?»

«ጥልቅ ነው።»

«ሰዎቹን ነፍስ ይማር ብለህልኛል?»

አላልኩም ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ ወደ አፋፉ ተመለስኩና እሷ እየሰማች አልኩላት።