ሳነቴ ላይ ቡና ፈጭቶ ማፍላት፦ እስካሁን የደረስሁበት

ከፍተኛ ቦታ ላይ ድንኳን ተክለን የምናፈላው ቡና ለምን እንደሚቀጥንብን ከመንገድ ጓደኞቼ ጋር ስንከራከር ቆይተናል። አንዱ ውሃውን፣ ሌላው ጀበናውን፣ ሌላው ብርዱን ይወቅሳል። እኔ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንድ ዓይነት ፍሬ በሁለት ከፍታ ላይ አፍልቼ ካነጻጸርሁ ወዲህ ነገሩ የአየሩና የአፈጫጨቱ ጉዳይ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደርሻለሁ።

ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ ላይ ስንወጣ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ነው። በባሌ ተራሮች ያለው የሳነቴ አምባ ግን ወደ 4,000 ሜትር ስለሚጠጋና ስለሚያልፍ ውሃው 87 አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ቡናው ያለውን ጣዕም በሙሉ ሳይለቅ ጀበናው «ፈልቷል» የሚለን ለዚህ ነው።

ፍሬውን አስቀድሜ የገዛሁት ከሪራ መንደር ነው። ከሳነቴ ወደ ደቡብ ሲወርዱ መንገዱ ሐረና ጫካ ውስጥ ይገባል፤ ከታችኛው የጫካው ክፍል ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የተገዛው በደረቁ የተዘጋጀ፣ ማለትም ሳይታጠብ ከነሽፋኑ የደረቀ ነበር። ያንን ቡና ከበቀለበት ጫካ በላይ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ በሚታይበት ብርድ ውስጥ መጠጣት ለእኔ ከጉዞው ሁሉ የሚበልጥ ደስታ ነው።

ቡናውን ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ቤት እቆላለሁ። ቆልቶ መያዝ ጉዳት የለውም፤ ፍሬው ሙሉ እስከሆነና ዕቃው በደንብ እስከተከደነ ድረስ ለቀናት ሽታውን ይጠብቃል። ፈጭቶ መያዝ ግን ፈጽሞ አልመክርም። ፍሬው ሲደቅ አየር የሚነካው ገላው እጅግ ይበዛል፤ ሽታው ገና ዕቃው ውስጥ እያለ መትነን ይጀምራል፣ በማግስቱ የሚጠጣው ቀለሙን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የቁሊቱ ጭስና የምጣዱ ድምፅ የሌለበት ቡና ቡና አይደለም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ እውነት አላቸው፣ ጫካው ውስጥ ስንሰፍር እኔም እዚያው እቆላለሁ። ሳነቴ ላይ ግን ነፋሱ ምጣዱን አንድ ወጥ ሆኖ እንዲግል አይፈቅድም፤ ግማሹ ፍሬ ሲያር ግማሹ ጥሬ ይቀራል።

ለመፍጨት የእጅ ወፍጮና ትንሽ የእንጨት ሙቀጫ ይዤ እሄዳለሁ። ሐረና ጫካ ውስጥ ባለው ካቻ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ወፍጮውን ቤት በምጠቀምበት ልክ አስተካክዬ ያፈላሁት ቡና በጣም ጥሩ ነበር። ያንኑ ልክ ሳነቴ ላይ፣ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ አጠገብ ስሞክረው ቀጠነ፣ ጎምዘዝም አለ። ወፍጮውን ሁለት እርከን አጥብቄ ሳላመው ጣዕሙ ተመለሰ። የውሃውን ሙቀት መጨመር ስለማይቻል የሚያካክሱት ሌሎቹ ናቸው፦ ቡናውን ማላም፣ ቁሊቱን ትንሽ ማጥቆር፣ እሳቱን ቀንሶ ጀበናውን ማቆየት። ከሦስቱ ትልቁን ለውጥ ያየሁት በማላም ነው። ለአራት ሲኒ 30 ግራም ፍሬ እወስዳለሁ።

ሙቀጫውን የለመድሁት ሪራ ላይ ቡናውን ከሸጡልኝ እናት ነው። ስወቅጥ ጎንበስ ብለው ያዩኝና «ልጄ፣ በዓይንህ አትፈልገው፣ ድምፁን ስማው» አሉኝ። ዘነዘናው መጀመሪያ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ፍሬው ሲሰበር ድምፁ ይሻክራል፤ ሲደቅ ደግሞ ታፍኖ ዱብ ዱብ ብቻ ይሆናል። ታፍኖ ከተሰማ በኋላ ጥቂት ጊዜ ወቅጦ ማቆም ነው። በጨለማ፣ የራስ ባትሪ ሳላበራ፣ በዚህ ምልክት ብቻ ወቅጬ አፍልቻለሁ። በሙቀጫ የተወቀጠው ቡና እንደ ወፍጮው እኩል አይደቅም፤ ለጀበና ግን ይህ አያስከፋም፣ እንዲያውም አቦሉ ወፈር ብሎ ይወጣልኛል።

የላመ ቡና ለመስከን ጊዜ ይፈልጋል። ጀበናውን ከእሳት አውርጄ፣ በማቶቱ ላይ ዘንበል አድርጌ፣ በጋቢ ጫፍ ሸፍኜ እተወዋለሁ። ሳይሸፈን ከቆየ አተላው ከመዝቀጡ በፊት ቡናው ይቀዘቅዛል። ሲኒዎቹንም በፈላ ውሃ ማሞቅ ግድ ነው።

ስለ ጀበናው፦ ሸክላው ሌሊቱን ውጭ አድሮ ነበልባል ላይ ከወጣ ይሰነጠቃል። ለብ ያለ ውሃ ጨምሮ በትንሽ እሳት ቀስ እያሉ ማሞቅ ነው።

እንጨት አንነካም፤ አስታው ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። የምጠቀመው የጋዝ ምድጃ ነው። ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ሲወርድ ቡቴን ወደ ጋዝነት መለወጥ ስለሚያቅተው እሳቱ ይሞታል፤ ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል። የጋዙን ጣሳ ሌሊት መኝታ ከረጢቴ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ሙቀቱን ይዞ ይነሣል። ነፋስ መከለያውንም ጣሳውን እንዳያፍነው ራቅ አድርጎ መትከል ያስፈልጋል፤ ጣሳው ከጋለ አደገኛ ነው።

ያልተፈታልኝ በረካው ነው። አቦሉና ቶናው አሁን ደህና ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ሳነቴ ላይ ውሃ ውሃ ይለኛል። በሚቀጥለው ጉዞ ለበረካው ብቻ አንድ እፍኝ ፍሬ አስቀርቼ፣ ከቶናው በኋላ አዲስ ፈጭቼ ልጨምርበት አስቤአለሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ ምን ያህል እንደጨመራችሁ ንገሩኝ።