ኮምቦልቻ ደህና የነበረ ሞተር ደሴ ላይ ጠቆረብን

የክበባችን የትንንሽ ሞተር ትምህርት አራተኛ ወሩን ያዘ። አሥራ ሁለት ነን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ላይ እንገናኛለን። እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ የሄድንበትን እጽፋለሁ።

መማሪያችን አንድ የውሃ ፓምፕ ሞተር ነው፤ ሆንዳ ጂኤክስ 160። የአንዷ አባላችን አጎት ኮምቦልቻ ላይ ከቦርከና ወንዝ ውሃ እየሳቡ ሽንኩርት ያጠጡበት ነበር። ክረምቱን ከነቤንዚኑ ቆሞ ከረመና በጋ ላይ አልነሳም አለ። «ውሰዱትና ተማሩበት። ከተነሳላችሁ ትመልሱልኛላችሁ» አሉን። ቤንዚኑን አፍስሰን ሚኒባስ ላይ ጫንነውና የሐረጎን ዳገት ይዘነው ወጣን።

የሚያስተምሩን ጋሼ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ ያሳለፉ መካኒክ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ካቻቢቴ አላስነኩንም። «ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። ከአየር የተቀላቀለ ቤንዚን፣ ጭመቃ፣ እሳት። የትኛው እንደጎደለ ሳታውቁ ብሎን አትፍቱ።» ሁላችንም እጃችንን በልቶናል፤ መፍታት ነው ያማረን። አሁን ሳስበው ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይህ ነው።

እሳቱን የሚሰጠውን ካንዴላ አውጥተን፣ ቤንዚን ከአካባቢው አርቀን፣ ከሞተሩ ብረት አስነክተን ገመዱን ሳብን። ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። እሳት አለ ማለት ነው። ካንዴላውን መልሰን ስንስበው ገመዱ ጠንከር ብሎ ያዘን። ጭመቃም አለ። ስለዚህ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ከፈትን። የታችኛው ጽዋ ውስጥ ማር የመሰለ ዝቃጭ ተጣብቋል። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ይተንና ሙጫ የመሰለው ይቀራል።

ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፈው ጄት የሚባል ትንሽ ባለቀዳዳ ናስ ነው። ወደ መስኮቱ አዙረን ስናየው ብርሃን አያሳልፍም። አንዱ ልጅ መርፌ ሊከትበት ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው የፀጉር ያህል ቢሰፋ የሚገባው ቤንዚን ይለወጣል። ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፈን አሳደርነውና ጎሚስታ ቤት ወስደን በአየር አስነፋነው። በማግስቱ በቀዳዳው ውስጥ ሰማይ ታየ፤ የመርፌ ጫፍ የምታክል ክብ ብርሃን። ተራ በተራ ሁሉም አየ።

ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ የከፈትነው ለጥገና ሳይሆን ለማየት ነው። ሲሊንደሩን ለካን፤ ስፋቱ 68 ሚሊ ሜትር። ውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን ከላይ እስከ ታች የሚሄደው 45። አንዷ ልጅ ትምህርት ቤት የተማረችውን የሲሊንደር ይዘት ቀመር አውጥታ ደብተሯ ላይ አባዛች፤ 163 ሲሲ። የሞተሩ መግለጫ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ! ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ስንዘጋው በክዳኑ ሥር እንዳያፈስ የሚነጠፈውን ጓርኒሲዮን በአዲስ ቀየርን። ሞተሩን በእጅ እያዞርን አራቱን ምት ቆጠርን፤ መሳብ፣ መጭመቅ፣ መግፋት፣ ማስወጣት። ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ኮሎው፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር ጉልበት የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው።

ከዚያ ግቢ አውጥተን፣ ዘይት ሞልተን፣ ገመዱን ሳብን። በአምስተኛው ተነሳ። ከቤት ውጭ ማስነሳታችሁን አደራ፤ የጭሱ መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም።

ግን ጥቁር ጭስ አወጣ። ጉልበትም አነሰው። ካንዴላው ጥላሸት ለብሷል። የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ አጠብን፣ ሲነሳ አየር የሚቀንሰው ክዳን፣ ቾኩ፣ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አየን፤ ያው ነው። ግማሾቻችን ካርቡሬተሩ ይቀየር አልን። ጋሼ «አብሽሩ፣ መጀመሪያ የቆምንበትን እንይ» አሉ።

የቆምንበት ጦሳ ተራራ ሥር ነው፤ 2,500 ሜትር ገደማ። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ርቀት፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለው። ከፍ ባልን ቁጥር አየር ይሳሳል። ጄቱ ግን የሚያሳልፈውን ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሳይቃጠል ይቀራል፣ ይጠቁራል። ጉልበቱም በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ይህ የሞተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ደሴ ላይ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ጉልበት ሄዷል ማለት ነው። የተበላሸ ዕቃ የለም። እኔን ይህ በጣም ነካኝ። ስንት ሰው ጤነኛ ካርቡሬተር ጥሎ አዲስ ገዝቶ ይሆን?

ቀዳዳው የሚያንስ ጄት ብናስገባ ደሴ ላይ ይስተካከል ነበር። ግን የሞተሩ ሥራ ኮምቦልቻ ነው። እዚያ ሲወርድ ቤንዚኑ ያንሰውና ከመጠን በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ሳንነካው ካንዴላውን ብቻ ጠርገን ይዘነው ወረድን።

ቦርከና ዳር አስቀመጥነው፤ በሁለተኛው ስበት ተነሳ። ጥቁር ጭስ የለም። ቱቦው አንዴ አየር ተፋና ውሃው መጣ። አጎት ዝም ብለው ውሃው የመጀመሪያውን ቦይ እስኪሞላ አዩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አጥፍተን ቀዝቀዝ ሲል ካንዴላውን ፈታን፤ ጥላሸቱ ቀርቶ ጠቆር ያለ የቡና ቀለም ይዟል።

ስንሰነባበት አንድ ነገር አሳየናቸው። ለረጅም ጊዜ ሲያቆሙት ታንከሩን ያፈስሱና ሞተሩ በቀረው ቤንዚን ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። የሚቀጥለው ቅዳሜ የባጃጅ ሞተር እንከፍታለን።