ከቁጥር 11 በላይ ያለው ቁጥር 10

ስደት ላይ ያለ ክርስቲያን ሆኖ ኤርምያስ 29፥11ን በቃሉ የማይወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» ቤሩት እያለሁ የቤት ሠራተኛ በሆኑት የአገሬ ልጆች ስልክ ስክሪን ላይ ነበር። ማዳሟ የጮኸችባት ልጅ ኩሽና ቆማ በለሆሳስ የምትደጋግመው እሱን ነው።

አንድ መስመር ከፍ ብሎ ያለውን ግን ማንም አይጠቅሰውም። ቁጥር 10 ከባቢሎን የምትመለሱት ሰባ ዓመት ሲፈጸም ነው ይላል። ሰባ ዓመትን ማን ስክሪኑ ላይ ያደርጋል?

ምዕራፉ ደብዳቤ ነው። ናቡከደነፆር ማርኮ ባቢሎን ለወሰዳቸው ሰዎች ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም የላከው። ተስፋው ከመምጣቱ በፊት ትእዛዝ አለ። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ተባዙ ይላል። ይባስ ብሎ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ጸልዩላትም ይላል። የቤተ መቅደሱን ዕቃ ዘርፎ የሄደው ንጉሥ ከተማ እኮ ነች!

አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። በሕዝቡ ፊት ቆሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል አለ። ኤርምያስ «ለባቢሎን ተገዙ» ለማለት አንገቱ ላይ ያደረገውን ቀንበርም ወስዶ ሰበረው። እኔን ደስ የሚለኝ የኤርምያስ መልስ ነው። መጀመሪያ ያለው «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነው። እሱም ቢሆንለት ይወድ ነበር። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

ኮንትራትም ሁለት ዓመት ነው። ቤሩት የመጣች ሁሉ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ነው ከቤቷ የወጣችው። ያቺ ሁለት ዓመት ታዲያ ኑሮዋን ትበላባታለች። አረብኛ በደንብ አትማርም፤ ልትመለስ ነዋ። ጥርሷን አትታከምም፤ አዲስ አበባ ስትገባ ይደረሳል። ኮንትራቱ ይታደሳል፣ ሻንጣው እንደታሰረ ነው። በመሀል ነቢይ ብቅ ይላል፣ ብዙ ጊዜ በስልክ። «በሦስት ወር ወረቀትሽ ይስተካከላል!» ሲል «ተቀብያለሁ!» ይባላል። ብር የሚልኩለትም ነበሩ።

እርግጥ ፓስፖርቷ አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈባትን ልጅ ቤት ሥሪ ማለት ቀልድ ይመስላል። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛን የሠራተኛ ሕጉ አይሸፍናትም። በከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ይዞ «ዝም ብለሽ ቻዪው» የሚል ሰባኪ ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ደብዳቤው የተጻፈው ለምርኮኛው ነው፤ «ተባዙ፣ ጥቂቶችም አትሁኑ» ይላል፤ እንድትኖሩ እንጂ እንድታልቁ አይደለም። የምትደበደብ ልጅ ከዚያ ቤት ብትወጣ አልታዘዘችም አይባልም።

የታዘዘች ሴት ግን አይቻለሁ። ኅብረታችን ውስጥ የነበረች እህት ናት። አረብኛ ማንበብ የተማረችው ከአሠሪዎቿ ልጆች ደብተር ነው። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሊራው ወድቆ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለው ሲሄዱ፣ አስፋልት ላይ ለሚያድሩት ምግብ ሠርታ ታመላልስ ነበር። ሐምሌ 28 ወደቡ ሲፈነዳ ደግሞ የሰፈሯን መስታወት ሲጠርጉ ከዋሉት አንዷ ነበረች። ቀን ተቆጥሮ የተነገራት ተስፋ አልነበራትም። ስትጠየቅ «እስካለሁ ድረስ አለሁ» ነበር መልሷ።

አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከአዳማው የፍጥነት መንገድ ብዙም አልርቅም። እዚህ የገረመኝ፣ የተመለሰውም ሰው ሻንጣውን አለመፍታቱ ነው። አንዱ «ካናዳ ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ይላል። ሌላዋ ዱባይ ልትሄድ ነው። ስለዚህ እድር አይገቡም፣ የብሎኩ ስብሰባ ላይ አይመጡም፣ የደረጃው አምፖል ሲቃጠል ማንም አይቀይረው። አገራቸው ገብተውም እንግዳ ናቸው። «የሰላም አሳብ ነው» የሚለው ግን በየበሩ ተለጥፏል።

እኔ እድር ገባሁ። ከብሎኩ ጀርባ ጎመንና ቃሪያ ተከልኩ። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ የማጠጣው እህልና አትክልት ባጠብኩበት ውኃ ነው። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል፤ ጎመኑን ግን ይወስዳሉ።

በቀደም የጎረቤቴ ልጅ ፓስፖርቷን ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ።»

«አሜን፣ ጌታ እንደ አፍሽ ያድርግልሽ» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ ቁጭ አድርጌ የኮንትራቱን ቅጂ ለእናቷ እንድትተው፣ የፓስፖርቷን ኮፒ ለብቻው እንድትይዝ፣ የቆንስላውን ስልክ በቃሏ እንድታጠና ነገርኳት። አረብኛም ከዛሬ ጀምሪ አልኳት።

«ለሁለት ዓመት ምን ያደርግልኛል?»

«ደብተር አምጪ» አልኳት።