ድምፄን «ለዘለዓለም» የጠየቀኝ ውል

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል አማርኛ በማንበብ ገንዘብ የምናገኝ ጥቂት ሰዎች አለን። የክትባት ማስታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ መልእክት፣ ሆስፒታል ሲደወል በአማርኛ የሚመልሰው ድምፅ፣ እነዚህን የምንቀዳው እኛ ነን። ሥራው ከሰማይ የወረደ አይደለም። የዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሥሪያ ቤቶቹ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችለውን ነዋሪ በቋንቋው እንዲያስተናግዱ ተገደዱ፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ሆነ። በሀገር ቤት ቴአትር የተማረ ወይም በሬዲዮ የሠራ ሰው እዚህ መጥቶ ታክሲ ቢነዳም፣ መኪና ማቆሚያ ቢጠብቅም፣ በሙያው የሚጠራበት ቀን አያጣም ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምሬ ነው የወጣሁት። ቀን ሆቴል ውስጥ እንግዳ እቀበላለሁ። ማታ ልጆቼ ሲተኙ የልብስ ማስቀመጫዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቼ እቀዳለሁ፤ የተሰቀለው ካፖርትና ጋቢ የድምፁን ማስተጋባት ይውጥልኛል። ክፍያው ኑሮ የሚለውጥ አልነበረም። ነገር ግን በዚህ ሀገር የተማርኩትን የምሠራባት ሰዓት እርሷ ብቻ ናት፣ ስለዚህም እሳሳላታለሁ።

ባለፈው ዓመት ለብዙ ጊዜ አብሬው የሠራሁት ኤጀንሲ ለአንድ የጤና መልእክት ውል ላከልኝ። ውሉ እንደ ወትሮው ይመስላል፤ መሐሉ ላይ ግን አዲስ አንቀጽ ገብቷል። ድርጅቱ የተቀዳውን ድምፅ አሁን ባለም ሆነ ወደፊት በሚፈጠር ማንኛውም ቴክኖሎጂ፣ በዓለም ሁሉ፣ ለዘለዓለም፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የመጠቀም መብት ይኖረዋል ይላል። «ይህ ማለት ኮምፒውተር በእኔ ድምፅ እንዲያነብ፣ ድምፄን ለማሽን ማስተማሪያ ታውሉታላችሁ ማለት ነው?» ብዬ ጻፍኩ። አስተባባሪዋ በትሕትና፣ አንቀጹ ለሁሉም አንባቢ አንድ ዓይነት መሆኑንና ሊወጣ እንደማይችል መለሰችልኝ። አልፈረምኩም፤ ሥራውም ለሌላ ሰው ሄደ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ኤጀንሲ ሌላ ሥራ አቀረበልኝ። ኮምፒውተር ያነበበውን አማርኛ እየሰማሁ ስሕተቱን እንድለቅም ነበር፤ ክፍያው ቀድሞ ለቀረጻ ከሚከፈለኝ በእጅጉ ያነሰ። ማሽኑ የት እንደሚሳሳት እኛ እናውቃለን። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ተነሥቶ ነው የሚለየው። የሰባ ዓመት እናትን «አንተ» ብሎ የሚያዝ የመድኃኒት መመሪያም ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አርሜ ብሰጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት እኔን የሚጠራኝ አይኖርም። አባቶቻችን «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ማሽኑ መጥፎ ስለሚያነብ ብቻ አይደለም የምናገረው። ይሻሻላል፣ አውቃለሁ። ማይክሮሶፍት ለአማርኛ ያዘጋጃቸው መቅደስና አመሃ የተባሉ ድምፆች ዛሬም አብዛኛውን ቃል በትክክል ይላሉ። የሚያሳስበኝ ፈቃድ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የተለየ ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ አድማጩ ሬዲዮኑን ከብቦ ያለቀሰው ሰውዬው ከራሱ ሕይወት፣ ካደገበት ሰፈር፣ ከመድረክ ልምዱ አውጥቶ በሰጠው ነገር ነው። ይህን የመሰለ ቅጂ በኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ማንም አውርዶ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መግቦ፣ ባለቤቱ ያላነበበውን ሊያስነብበው ይችላል። ከሞቱት ማን ይጠየቃል? በሕይወት ካለነውስ ማን ጠየቀን?

የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር በ2023 ለ118 ቀናት ሥራ ያቆመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። በስምምነቱም አምራቾች የተዋናይን ዲጂታል ቅጂ ለመሥራት ፈቃድ እንዲጠይቁና እንዲከፍሉ ተደረገ። የቪዲዮ ጨዋታ ድምፅ የሚሠሩት ደግሞ በ2024 አድማ መትተው አንድ ዓመት ገደማ ታግለዋል። የቴነሲ ግዛት በዚያው ዓመት የሰው ድምፅ ያለ ፈቃድ በማሽን ተመስሎ እንዳይሠራ የሚከላከል ሕግ አወጣች፤ የሙዚቃ ሀገር ናትና ቀድማ ገባት። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ግን ማኅበር የለንም። በትርፍ ሰዓት፣ በኢሜይል በሚመጣ ውል፣ እርስ በርሳችን ሳንተዋወቅ የምንሠራ ሰዎች ነን። እምቢ ስል ሥራውን የወሰደው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የቤት ኪራይ የደረሰበት ወገኔ ሊሆን ይችላልና አልፈርድበትም።

ነገሩ የእኛ እንጀራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን አልጽፍም። በጽዋ ማኅበራችን ያሉ አንዲት እናት ስልክ ተደወለላቸው። የልጅ ልጃቸው ድምፅ እያለቀሰ አደጋ አድርሶ መታሰሩን ነገራቸው፤ ለዋስትናው የስጦታ ካርድ ገዝተው ቁጥሩን እንዲያነቡለት ለመናቸው። ልጁ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ፈተና ላይ ነበር። «ድምፁ የእርሱ ነው፣ አሳድጌዋለሁ እኮ፣ እንዴት ይጠፋኛል?» ይላሉ እስከ ዛሬ። ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳቸው ይህ ነው፤ አሁን ልጁ ራሱ ሲደውል ይጠራጠራሉ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የዘመድን ድምፅ በማሽን አስመስሎ የሚደረገውን እንዲህ ያለውን ማጭበርበር በተመለከተ በ2023 አስጠንቅቋል፤ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑም በየካቲት 2024፣ የፕሬዚዳንት ባይደንን ድምፅ አስመስሎ የኒው ሃምፕሸር መራጮችን ያሳሳተ ጥሪ ከተሰማ በኋላ፣ በማሽን ድምፅ ያለ ፈቃድ መደወልን ሕገ ወጥ አድርጎታል። ማስጠንቀቂያው ግን እናቶቻችን በሚሰሙት ቋንቋ አልደረሳቸውም። በማኅበራችን በየቤቱ አንድ ምስጢራዊ ቃል እንዲኖር ተስማምተናል፤ ገንዘብ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ ያንን ቃል ይናገራል።

አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ የሬዲዮ ሰው አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ውሉን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ልጄ፣ ከሀገር ስወጣ ጉምሩክ ያልፈተሸብኝ ንብረት ድምፄ ብቻ ነበር» አሉኝ። በእርሳቸው ሐሳብ የምናውቃቸውን አንባቢዎችና አስተርጓሚዎች አሰባስበን አንድ ገጽ ጽፈናል። ቀረጻው ለተባለው መልእክት ብቻ ይዋል፤ ለማሽን ማስተማሪያ የሚፈለግ ከሆነ ለብቻው ይጠየቅ፣ ለብቻው ይከፈልበት፤ ማሽን ያነበበው መልእክት ማሽን እንዳነበበው ለአድማጩ ይነገር። አንድ አነስተኛ ኤጀንሲ ተቀብሎ ውሉን አስተካክሏል። ሌሎቹ ገና አልመለሱም።

በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል፣ በለንደን ወይም በቴል አቪቭ ይህንኑ ሥራ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት «ወደፊት በሚፈጠር ማንኛውም ቴክኖሎጂ» የሚለውን ሐረግ ፈልጉ። ካገኛችሁት እንዲሰረዝ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡ። እኛ ያዘጋጀነውን ገጽ ለሚፈልግ ሁሉ በደስታ እልካለሁ።